ሰልፈኛው

የተወለድሁት ካምፕ ውስጥ ነው፣ ከጉሉ ከተማ ማዶ፣
የሣር ጎጆ ከሣር ጎጆ ተጣብቆ እንደ ነዶ፤
አንዱን እሳት ሲይዘው መንደሩ የሚያልቅበት፣
ሰው ከመሬት ሳይሆን ከመኪና የሚያጭድበት።

ዶማ ሳልይዝ ካርድ ያዝሁ፤ ቢጫ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣
የእናቴ ስም፣ የእኔ ቁጥር፣ በማኅተም ተከድኖ።
በቆሎ ማለት ለእኔ ሐሙስ ነው፣ ዘይት ማለት ቆርቆሮ፣
ዝናብም ሰልፍ የሚበትን ጭቃ ነበር፣ ድሮ።

ሰልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ጦር ነው፣ አንዱ ደግሞ ወረፋ፤
በፊተኛው አባቴ፣ በኋለኛው ልጅነቴ ጠፋ።

ተኩሱ ዝም ሲል፣ ጢሜ ሳይበቅል፣ በለጋነቴ፣
«እንግባ አገራችን» አለች ላምዋካ፣ እናቴ።
ሦስት ቀን በእግር። ደረስን። ሣር ብቻ፣ ከቁመቴ በላይ፤
«ይኸው ቤታችን» ስትለኝ፣ ሰማይ ነው እኔ የማይ።
ፈንጂ አምካኞች ቀድመውን ድንጋይ ቀለም ቀብተው፣
የሚረገጠውን ምድር ከማይረገጠው ለይተው
ሄደዋል። የእኛ ማሳ ነጩ ድንጋይ ውስጥ ነበረ።
ገመዱ እስኪነሣ ግን እግሬ መርገጥ ፈራ፣ አፈረ።

አንድ ማታ ጠየቅኋት፦
«መከሩ በስንት ቀን ይታደላል?»
ሳቀች። ጎኗን ይዛ ሳቀች።
ከዚያ ዶማዋን አነሣች፣ በጨረቃ፣ ቃል ሳትጨምር።

መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ፈረጠ፤ ደግሞ ቋጠረ።
«የካርድ እጅ ነው» አለችኝ፣ «ዘገየ እንጂ፣ መላጥ ጀመረ።»

«ዘሩስ?» አልኋት።
ዶማዋን ተደግፋ ቆየች።
«አንድ ቅል ሰሊጥ ነበረኝ፤ ለዚህች ቀን ብዬ የሰወርሁት።
መኪናው ሁለት ወር ሲቀር፣ እያወቅሁ ቆላሁት።
ግማሹን አንተ በላኸው።
ግማሹንም፣ አንተ።»

ዘር በልቼ የተረፍሁ ዘር ነኝ፤
ምን ልመልስላት?

ኦቺቲ የሚባል ጎረቤት አለን፣ ከነገር የማይተኛ።
ወሰን የነበረው የሺያ ዛፍ፣ በዚያ በእሱ፣ በዚህ በእኛ፣
ከሰል ሆኖ ከተማ ሄዷል፤ የቀረው ጉቶ ነው፤
እሱ ወደ እኛ፣ እናቴ ወደ እሱ፣ በአፍ የሚገፉት እንደ ጎማ ነው።
ጉቶ አይናገርም። እነሱ ግን ከዶሮ ጩኸት እስከ ማታ!

ባለ ፒክአፑ የመጣው ያን ሰሞን ነው፣ በትህትና፣ በሰላምታ።
«ሁለታችሁም አከራዩኝ፤ ሠላሳ ዓመት፣ በወረቀት።
ትራክተሬ ጉቶ አያውቅም፣ ድንበር አያውቅም።»
ኦቺቲ እናቴን አያት። እናቴ ኦቺቲን።
«አይሆንም» አሉ፤ በአንድ ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ፤
ከዚያ በመስማማታቸው ተናደው ተለያዩ።

በዚያው ሌሊት ኦቺቲ መጣ፣ ሳፋ ሙሉ ሰሊጥ ይዞ።
«ሲደርስልሽ ሁለት ሳፋ ትመልሻለሽ» አለ፣ ደጁ ላይ ተክዞ።
«የጉቶው ነገር ግን አልቀረም።»
«አይቅር» አለችው፣ ሳፋውን እየተቀበለች።

ደቦው የእኛን ሰኞ አረሰ፣ የእሱን ደግሞ ማክሰኞ።
ጉቶውን ግን የነካው የለም፤ ማን ይድፈረው? ማን ሞኞ?
ሁለት ክንድ በዚያ፣ ሁለት ክንድ በዚህ ሣር ተዉለት፤
ዝናቡ ሲበረታ አፈሩን ያ የጠብ ሣር አቆመለት።
ጉቶው ከጎኑ ሲያቆጠቁጥ
ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጣት የሚያህል፣ ቀይ።
ፍሬ እስኪሰጥ ዕድሜ ይበላል፤ ኦቺቲ ሰባ ዓመቱ ነው፤
በየጧቱ ግን ፍየል የሚያባርርለት እሱ ነው።

ሰሊጡ ደረሰ። ታስሮ ቆመ፣ ደረቀ፤
ነዶው ሲገለበጥ ሰሌኑ ላይ ሾ ብሎ ወደቀ።
የኦቺቲ ሁለት ሳፋ ተሰፍሮ፣ የዘሩ ቅል ተሞልቶ፣
እናቴ ወደ ጎተራው ስትመልስ ፊቷን፣
እኔ ጣሳዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤
ቀጥ ብዬ፣ ክርኔን ሰብስቤ፣ እንደ ተማርሁት።

ዞር አለች።
«ከፊትህ ማነው?»

ማንም።
ከኋላዬም ማንም አልነበረም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ቀኑ ሐሙስ መሆኑ
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።